ቡፌ ውስጥ የተቆለፈችው ፍየል

«ለእንግዳ የሚታይ ዕቃ ከቤት አይወጣም፤ አለቀ!»

ለምለም ይህን የሰማችው በግድግዳ በኩል ነው፤ የልጇን የዩኒፎርም ኮሌታ በካውያ እየተጫነች። አስመራ ውስጥ ገጀረት ሰፈር ያለው ይህ ቪላ ጣሊያን ሲሠራው አንድ ሰፊ ሳሎን ነበረው፤ ኋላ የገቡበት ሰዎች በጣውላ ለሁለት ከፈሉትና ወዲያ ማዶ ያስነጠሰውን ወዲህ ያለው «ይማርህ» የሚልበት ቤት አደረጉት። የሚናገረው በርሄ ነው፤ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ የቤቱ አባወራ። ፊቱ የቆመችው ደግሞ ሚጡ ናት፤ የለምለም አንድ ልጅ፣ ዘንድሮም አራተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ የጨረሰች። ለመሆኑ ምን ብትጠይቀው ነው እንዲህ ያመረረው? ከረሜላ? የሲኒማ መግቢያ? የራሷን መጽሐፍ ነው የጠየቀችው! አምና ተሸልማ፣ ከትምህርት ቤቱ መድረክ እስከ ቤቱ በር ድረስ ብቻ እጇ ላይ የቆየውን መጽሐፍ።

ያን ቀን በርሄ መጽሐፉን ተቀብሏት ሽፋኑን ገለጥ ሲያደርግ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ላይ «ለሚጡ ፀጋዘአብ» የሚል የእጅ ጽሑፍና ክብ ማኅተም አየ። ፀጋዘአብ ወንድሙ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታሞ፣ የኤርትራን የነጻነት ቀን ለጥቂት ሳያይ የቀረ ወንድሙ። በርሄ ቀጥ ብሎ ወደ ባለመስታወቱ ቁምሳጥን ሄደ፤ አስመራዎች ክሬደንሳ ይሉታል፣ ለምለም ግን አዲስ አበባ እንደለመደችው ቡፌ ነው የምትለው። ውስጡ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች፣ ማንም በልቶባቸው የማያውቅ ሳህኖች፣ ሳይከፈት ባለቤቱ ያረጀበት አንድ የቬርሙት መጠጥ ጠርሙስ አሉ። መጽሐፉን ከነሱ መሐል፣ በትንሽ የእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ ሥዕል ያለበትን ገጽ ከፍቶ አቆመው። ቆለፈው። ቁልፉን ከብሽክሌቱ ቁልፍ ጋር ቀበቶው ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ቡፌው ፊት ይቆምና «የወንድሜ ልጅ ናት የተሸለመችው» ይባላል፤ እሱም «ወይ ጉድ!» ይላል። መቼም ከሰው ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ያልተደሰተችው ባለቤቱ ሚጡ ብቻ ናት።

ሚጡ ደግሞ አልተወችውም። ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቡፌው ፊት ትቆማለች፤ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የበርሄ ሚስት ለተሰንበት ቁልፉን ከባሏ ተቀብላ ቡፌውን ስታጸዳ፣ ያቺ የአፍንጫ ምልክት መስታወቱ ላይ ትጠብቃታለች፤ በትግርኛዋ «ኣየ እዛ ቖልዓ!»፣ ወይ ይቺ ልጅ፣ እያለች ስታሸው ለምለም በጣውላው ማዶ ትሰማታለች። ያን ጊዜ የለምለም ደም ይፈላል። ግን ምን ትላለች? ባሏ ሲሞት፣ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ስትቀር «ነይ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው» ብሎ ያስገባት በርሄ ነው። የቤት ኪራይ ጠይቋት አያውቅም፤ ያ ያለመጠየቁ ነገር ደግሞ ከኪራይ የበለጠ አፏን ይዞታል። ከለተሰንበት ጋር ማድ ቤቱን እየተጋሩ ሦስት ዓመት ኖረዋል፤ የሚነጋገሩት «ውሃ መጣ?» «ጨው አለ?» ብቻ ነው። ለተሰንበት አማርኛዋ ጠባብ ነው፣ የለምለም ትግርኛ ደግሞ ከዚያም የጠበበ፤ ሁለቱም ይህን ሰበብ አድርገው ዝም ተባብለዋል።

ማታ ማታ ሚጡ አልጋ ላይ ሆና ስለ አንዲት ነጭ ፍየል ታወራለች። ባለቤቷ «በባቡር እመለሳለሁ» ብሏት ወደ ወደቡ ወርዶ የቀረባት፣ በየቀኑ ባቡር ጣቢያ እየሄደች የምትጠብቅ ፍየል። ለምለም ልጇ ከራሷ የምትፈጥረው ይመስላታል። «እና ባቡሩ መጣ?» ትላታለች እንቅልፍ እያዳፋት። «ገና ነው» ትላለች ሚጡ፤ «እሱን ገና አላወቅኩም።»

ዛሬ፣ በዚህ ሐሙስ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሚጡ የምትማርበት በአማርኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪዎቹንና ጥሩ ጥሩ የልጆች መጻሕፍትን የሚያከብርበት ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። መምህር አስገዶም፣ በዓሉን ያመጡት ሰውዬ፣ አንድ ሕግ አውጥተዋል። አምና መጽሐፍ የተሸለመ ልጅ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ ታሪኩን በሰው ፊት ይተርካል፤ ያልተረከ ግን ዘንድሮ አንደኛም ቢወጣ ሽልማቱ ለሚከተለው ይሰጣል። ወላጆች አጉረመረሙ። «ይሄ ምን ማለት ነው? ልጅ ካሸነፈ አሸነፈ አይደል?» አሉ። መምህር አስገዶም ግን ፍንክች አላሉም፤ አስመራን ያውቋታላ! ስንት ሽልማት በየቡፌው ታስሮ እንደሚያረጅ ያውቃሉ።

ለምለም ካውያውን አስቀመጠች። በርሄ ብሽክሌቱን እየገፋ ሲወጣ የበሩ ድምፅ ተሰማ። ሚጡ ገባች፤ አላለቀሰችም፣ ከንፈሯን ብቻ ነክሳለች። ለምለም ያንን ከንፈር ስታይ ፀጋዘአብን አየች፤ ሲከፋው እንዲሁ ነበር።

«እማዬ፣ ምንም አይደለም።»

«ምን ምንም አይደለም ትያለሽ? ልብስሽን ልበሺና ሂጂ። መጽሐፍሽን ይዤ እመጣለሁ።»

«ቁልፉ እኮ ጋሼ በርሄ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆሜ አወራ ነበር እንዴ?»

ለበዓሉ ብላ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ፈቃድ ጠይቃ ነበር፤ ፀጉሯን ልትሠራበት ያሰበችውን ጠዋት ለዚህ ሰጠችው። ፌርማታው ላይ ቆማ በርሄ ወደሚሠራበት ወደ ሰምበል የሚሄደውን አውቶቡስ ጠበቀች። ሰማዩ ከብዷል፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ስለ ቲማቲም መወደድ፣ አዲስ ይሠራሉ ስለተባሉት ፎቆች፣ አንዱን ቤት ማን ሊገዛው እንደሚችል ያወራሉ። «እዚያ ላይ ወጥቶ መኖር! ከሰማይ ጋር ጎረቤት መሆን!» ይላሉ እየሳቁ። ለምለም «እውነትዎን ነው» ትላለች እንጂ ልቧ እዚያ የለም። ለበርሄ የምትለውን ታጠናለች፤ ስታጠናው ያምራል፣ ፌርማታ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ይጠፋባታል። ሦስት ዓመት ሙሉ «አዎ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ካለችው ሰው ፊት ቆማ እንቢ ልትል ነው። ቢሆንም አልወረደችም።

ሰምበል ያኔ ገና ሲሚንቶና ብረት ነው። በርሄ የግንበኞች ካፖ፣ ማለትም አለቃ፣ ስለሆነ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እሷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ቁልፉን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዙሪያውን አየ፤ ሁለት ግንበኞች አካፋቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ክንዷን ይዞ ወደ ብረት ክምሩ ጀርባ ወሰዳት። ሊቆጣ ነው ብላ ትከሻዋን ጠንከር አደረገች፤ እሱ ግን አልተቆጣም።

«ለምለም፣ አንቺ የምታስቢኝ ስስታም አድርገሽ ነው። የሱ ስም ያለበት ነገር እኔ ጋ ሌላ ምን አለ? ፎቶው እንኳ አንቺ ክፍል ነው የተሰቀለው። ሲቀበር አልነበርኩም። ልጅ ናት፣ ትጥለዋለች፤ ዝናብ ይመታዋል፤ አንዱ ነጥቋት ይሮጣል። ከዚያ ምን ይቀረኛል?»

ያጠናችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ መስታወት የቆለፈው ልጅቷ ላይ ሳይሆን ሐዘኑ ላይ ነው ለካ! ግን ብታዝንለትም ሰዓቱ አያዝንላትም።

«ስማኝ ጋሼ በርሄ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ስም በድምፅ ማጉያ ሊጠራ ነው። "ሚጡ ፀጋዘአብ" ተብሎ፣ ይህ ሁሉ የአስመራ ሰው ቁጭ ብሎ እየሰማ። መጽሐፉን ይዛ ካልቀረበች ግን የሌላ ሰው አባት ስም ይጠራል። ቡፌ ውስጥ ያለ ስምማ ማን ይሰማዋል?»

በርሄ እጁን ቀበቶው ላይ አደረገ። ቁልፉን ነካው። እጁን መልሶ አነሣው።

«ሥራ ላይ ነኝ። ማታ እንነጋገርበታለን።»

«ማታ ምን ያደርግልኛል? እንግዲያው እኔ በቡፌው ጀርባ እገባለሁ!»

«ምን አልሽ?» አለ፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው ያን ጊዜ ጮኸና የቀረውን ዋጠው። እሷም ደግማ አልነገረችውም፤ ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

ቤት ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ለተሰንበት ማድ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ለምለም ሰላምታም ሳትሰጥ ሳሎን ገባችና ቡፌውን ከጎኑ አቅፋ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንደገና ሳበችው፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። የለተሰንበት ጫማ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ተሰማ። ለምለም ላብ በላብ ሆና ቀና አለች፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ጠብ ዛሬ መጣ አለች በልቧ። ይምጣ!

«እንታይ ትገብሪ ኣለኺ? ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ለተሰንበት፣ ቢላዋው በእጇ እንዳለ።

«መጽሐፉን ላወጣ ነው። በጀርባው። ብትፈልጊ ለባልሽ ላኪበት።»

ለተሰንበት ቡፌውን አየች፤ ለምለምን አየች። ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ዞራ በሌላኛው በኩል ቆመች።

«ቀስ! ቀስ በይ እንጂ ኣንቲ፣ ብርጭቆውን ልትጨርሺው ነው? በአንድ ጊዜ እንሳብ። ሐደ፣ ክልተ…»

ለምለም ጎኑን ይዛ ሳበች። ቡፌው እያቃሰተ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ ጀርባው በጥቃቅን ምስማር የተመታ ስስ ጣውላ ነው። ለተሰንበት ከጓሮ ጉጠት ይዛ መጣች። አንዷ ምስማር ትነቅላለች፣ ሌላዋ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ትደግፋለች። ጣውላው ሲላቀቅ ለምለም እጇን አስገብታ መጽሐፉን ከማቆሚያው አነሣች። ያኔ ነው ያስተዋለችው። በርሄ ያቆመው መጀመሪያ ላይ ገልጦ ነበር፤ ያን ቀን አብራው ቆማ አይታለች። አሁን ግን መጽሐፉ የተከፈተው ወደ መጨረሻው ነው። ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቶታል።

«ይሄን ማን ገለጠው?»

ለተሰንበት ጉጠቱን እያገላበጠች ወለል ወለሉን አየች።

«እኔ ማንበብ አልችልም። ሥዕሉን ነው የማውቀው። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አየዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ይቺ ልጅ አንድ ገጽ ስንት ጊዜ ታነባለች አልኩ። ከዚያ ቅዳሜ ስወለውል አንድ ቅጠል ገለጥኩላት። በርሄ ቤት ከዋለ አልገልጥም፤ ያየኛል፤ ገጹ መቀየሩን ግን ልብ ብሎት አያውቅም። እሷ ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አላልኳት።»

ለምለም በጣውላው ማዶ ሆና ስንት ቅዳሜ ይህችን ሴት ረግማታለች! አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «የቐንየለይ» አለች በመጨረሻ፣ ባላት ጠባብ ትግርኛ።

«ኋላ ታመሰግኚኛለሽ» አለች ለተሰንበት፤ «ልብስሽን ቀይሪ፣ እኔም ነጠላዬን ልልበስ። ሽንኩርቱ ይቆይ።»

ትምህርት ቤት ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል። በረጅም ጠረጴዛ ላይ አዲስ የመጡ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ በቀለም ያበዱ ሽፋኖች፣ አንበሳና ጀልባ፣ ጨረቃ ላይ የወጣች ዶሮ። ትንንሾቹ ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንዲያዩ ታዘው፣ አንገታቸው እስኪረዝም ያያሉ። ለምለም ሰው እየገፋች እስከ መድረኩ ጥግ ሄዳ መጽሐፉን ለሚጡ አቀበለቻት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ወዲያው ስሟ ተጠራ።

ሚጡ መጽሐፉን ዘግታ ያዘችና መተረክ ጀመረች። ስለ ነጯ ፍየል፣ ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ፍየሏን በየቀኑ ስለሚያባርራትና ማታ ማታ ደግሞ በስውር ውሃ ስለሚያስቀምጥላት የጣቢያ ሹም ተረከች። ስለ ውሃው ስትሰማ ለተሰንበት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሐዲዱ በጦርነቱ ተነቅሎ ምሽግ ሲሠራበት በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው የተቀመጡት፤ ባቡር መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቁታል። «ከዚያ አንድ ቀን» አለች ሚጡ፣ «ከሩቅ ፉጨት ተሰማ። ፍየሏ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ተነሣች።» እዚህ ላይ አቆመች።

«ቀጥይ እንጂ ሚጡ» አሉ መምህር አስገዶም።

«ከዚህ ወዲያ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚገለጥልኝ። እዚህ ነው የደረስኩት።»

ሰው ሳቀ። መምህር አስገዶም ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ልጅቷን በደንብ አዩዋት። አሁን ሽልማቱ ለሌላ ነው ይላሉ፤ ካሉም እኔ ተነሥቼ እናገራለሁ አለች ለምለም ለራሷ፣ እጇም የፊቷን ወንበር ይዞ ነበር።

«ታዲያ መጽሐፉ እጅሽ ላይ አይደል?» አሉ መምህር አስገዶም። «እኛም አላነበብነውም። አንብቢልንና፣ አብረን እንወቀው።»

ሚጡ ገለጠችው። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ጣት። ጮክ ብላ አነበበች። ፉጨቱ የባቡር አልነበረም፤ ነፋስ በዋሻው ውስጥ ሲያልፍ ነው። ከፊት ያሉት ትንንሽ ልጆች «ውይ!» አሉ። የጣቢያው ሹም ወጥቶ፣ ሐዲዱ ተነቅሏል፣ ባቡር የሚባል ነገር የለም፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ አላት። ፍየሏ ወደ ቁልቁለቱ አየች። «ባቡሩ ከሌለ መንገዱ አለ» አለች፤ ተነሥታም በእግሯ ወደ ባሕሩ ወረደች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ጽሑፍ የለም። ሚጡ ሥዕሉን ወደ ሰው አዙራ ከፍ አደረገችው፤ ነጭ ፍየል፣ ሰማያዊ ባሕር፣ አሸዋው ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ልጆቹ «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያሉ ጮኹ።

ጭብጨባው ሳያባራ መምህር አስገዶም ድምፅ ማጉያውን አነሡ። «የዘንድሮው የአራተኛ ክፍል አንደኛ፣ ሚጡ ፀጋዘአብ!» ለምለም በእንባዋ መሐል በሩን አየች። በርሄ ደፉ ላይ ቆሟል፤ በሲሚንቶ የነጣ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ቁልፉ በእጁ። ቡፌውን ሊከፍትላቸው ቤት ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ አግኝቶት ኖሯል፤ ከዚያ ነው ወደዚህ የበረረው። ከሁሉም ነገር የሰማው የወንድሙን ስም ብቻ ነው። ግን እሱን ሰማው። አፉን በመዳፉ ሸፍኖ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ሚጡ ለሽልማቷ ከጠረጴዛው ጨረቃ ላይ የወጣችዋን ዶሮ መጽሐፍ መረጠች። አራቱም አብረው ወደ ገጀረት አዘገሙ። በርሄ ብሽክሌቱን ይገፋል፤ ስለ ቡፌው አላነሣም፣ ሴቶቹም አላነሡም። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ወደ ሚጡ ዞረ።

«ስትተርኪ አልደረስኩም። የመጀመሪያውን ሥዕል ነው የማውቀው። ፍየሏ… ባቡሩ መጣላት?»

«አልነግርህም ጋሼ» አለች ሚጡ፤ የአምናውን መጽሐፍም ዘረጋችለት። «አንብበው።»

በርሄ ብሽክሌቱን ግንብ አስደገፈ። እጁን አየ፤ ሲሚንቶ ነው። መጥረጊያ ፈለገ፤ ሱሪውም ሲሚንቶ ነው።

«ይቆሽሽ ጋሼ በርሄ» አለች ለምለም።

ተቀበላት። የወንድሙ ስም ያለበት ቅጠል ላይ አውራ ጣቱ ነጭ ምልክት ተወ። ደንግጦ ሊያራግፈው ሲል ሚጡ ሳቀችበት፤ ተወው፣ ቀጣዩን ገለጠ፣ ከዚያ ቀጣዩን፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው።

«ቀስ እያልክ ግለጥ እንጂ» አለች ለተሰንበት ነጠላዋን እያስተካከለች፤ «እኔ በሳምንት አንድ ነበር የምገልጥ።»